ስፖርት ለሚወድ ሰው በአነስተኛ ገንዘብ ምን ልስጥ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስፖርት ለሚሠራ ወዳጃቸው ስጦታ የሚፈልጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች፣ ከቀላሉ ጀምረን ወደሚያከራክረው እየሄድን መልሰናል።

በትንሽ ገንዘብ ስፖርተኛን የሚያስደስት ስጦታ በእርግጥ ይገኛል?

ይገኛል፤ እንዲያውም ከሌላው ሰው ይልቅ ስፖርተኛን በትንሽ ገንዘብ ማስደሰት ይቀላል። ስፖርት የሚሠራ ሰው ዕቃ ይጨርሳልና። ካልሲው ይበሳል፣ ፎጣው ይሻክራል፣ የውሃ መያዣው ክዳን ይሰነጠቃል፣ የመዝለያ ገመዱ መሬት እየመታ ያልቃል። ሁሉንም ራሱ ሊገዛቸው ይችላል፤ ግን «ለዚህ ሳምንት ይበቃኛል» እያለ በተበሳው ወራት ይቆያል። ያንን ያረጀ ዕቃ አይቶ አዲስ የሚያመጣለት ሰው ሲያገኝ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን መታየቱንም ይወደዋል።

ስለዚህ ሱቅ ከመግባትዎ በፊት ለስፖርት ሲወጣ የሚይዘውን ቦርሳ በዓይንዎ ይቃኙ። ምኑ አርጅቷል? ምን እየተዋሰ ይጠቀማል? ምን ሲጎድለው ሲያማርር ሰምተዋል? ከማንኛውም የስጦታ ዝርዝር ይልቅ የሚረዳዎት የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውን ዕቃዎችም በዚሁ ዓይን ይመልከቷቸው።

የትኛውን ስፖርት እንደሚሠራ በትክክል ባላውቅስ?

ላብ የሚያልበው ሁሉ የሚፈልጋቸው ነገሮች ላይ ይቆዩ፦ ካልሲ፣ ፎጣና የውሃ መያዣ። ሯጭም፣ ክብደት አንሺም፣ ኳስ ተጫዋችም፣ ዮጋ የሚሠራም ይጠቀምባቸዋል። ፎጣ ሲገዙ ማይክሮፋይበር ከሚባለው ጨርቅ የተሠራውን ይፈልጉ፤ ሲታጠፍ ቦታ አይወስድም፣ ቶሎም ይደርቃል። አንድ ነገር ግን ለተቀባዩ ይንገሩት፦ በልብስ ማለስለሻ ፈሳሽ እንዳያጥበው። ማለስለሻው ቃጫው ላይ ስለሚቀር ፎጣው ላብና ውሃ መምጠጡን ይቀንሳል።

ካልሲ ስጦታ ይባላል?

ይባላል። ይህ ጥያቄ በሚመጣ ቁጥር ሽንጤን ገትሬ የምከራከርለት ስጦታ ነው። በጥጥ ካልሲ ረጅም መንገድ የሮጠ ሰው የማወራውን ያውቃል። ጥጥ ላብን ይመጥጥና ይዞት ይቆያል፤ የረጠበው ጨርቅ ቆዳን እየፋተገ ይሄዳል፤ ቤት ሲደርሱ እግር ውሃ ቋጥሯል። ከፖሊስተር፣ ከናይለን ወይም ሜሪኖ ከሚባለው ስስ ሱፍ የተሠራ የስፖርት ካልሲ ግን ላቡን ከቆዳው ያርቃል፣ ቶሎም ይደርቃል።

ሲገዙ እጅዎን ወደ ውስጥ ያስገቡና ጣቶች የሚያርፉበትን ጫፍ ይዳስሱ። ወፍራም ስፌት ካለ ይመልሱት፤ ውሃ የሚያስቋጥረው አንዱ እሱ ነው። ተረከዙ የተለየ ቅርጽ ያለው ካልሲ ጫማ ውስጥ አይንሸራተትም። በጣም ወፍራሙንም ይተዉት፤ ልክ የነበረውን ጫማ ያጠብበታል።

ሌላው የካልሲ መልካም ነገር ቁጥሩ እንደ ጫማ አለማስጨነቁ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ39 እስከ 42 እንደሚለው በሰፊ ክልል ይሸጣል፤ የጫማውን ቁጥር በግምት ካወቁ ይበቃዎታል። አንድ ጥንድ ብቻ ከመስጠት ሁለት ወይም ሦስት ተመሳሳይ ጥንድ ቢሆን የተሻለ ነው፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ጓደኛ አያጣም።

የውሃ መያዣ ስመርጥ ምን ልመልከት?

መጀመሪያ አፉን። እጅ ወይም ብሩሽ የማያስገባ ጠባብ አፍ ያለው ዕቃ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይሸታል። ክዳኑ ስር ያለችው የጎማ ቀለበትም ወጥታ የምትታጠብ መሆን አለባት፤ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። ለጂም 750 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ቦርሳ ውስጥ ለሚውል ደግሞ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ይመቻል። ባለ ሁለት ድርብ ግድግዳ የማይዝግ ብረት መያዣ ውሃን ለሰዓታት ቀዝቃዛ አድርጎ ያቆያል፤ ነገር ግን ይከብዳል፤ ይዞት ለሚሮጥ ሰው አይሆንም። ለብስክሌተኛ ከሆነ የዕቃውን ውፍረት ይለኩ፤ ብስክሌቱ ላይ ያለው ማስቀመጫ የሚቀበለው ወደ 7.3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ነው። ጥሩ መያዣ ቀድሞ ካለው ደግሞ ረጅም እጀታ ያለው ማጠቢያ ብሩሽ ይስጡት፤ ማንም ለራሱ መግዛት የማያስታውሰው ዕቃ ነው።

ለሚሮጥ ሰው ከጫማ ሌላ ምን አለ?

ማለዳ ጎህ ሳይቀድ ወይም ከመሸ በኋላ መንገድ ዳር የሚሮጥ ከሆነ፣ ከምንም በፊት እንዲታይ የሚያደርገውን ነገር ይስጡት። የመኪና መብራት ሲያርፍበት የሚያብረቀርቅ ቀበቶ ወይም ሰደርያ ዋጋው ቀላል ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ፦ አንጸባራቂው ደረት ላይ ብቻ ሳይሆን ቁርጭምጭሚት ላይም ቢታሰር ይበልጣል፤ ከፍና ዝቅ የሚል ብርሃን ያየ ሾፌር ከፊቱ ያለው ምልክት ወይም አጥር ሳይሆን ሰው መሆኑን ቶሎ ይረዳል። ሆኖም አንጸባራቂ ነገር ብርሃን ካላረፈበት አይሠራም። መንገድ መብራት በሌለበት ለሚሮጥ ሰው በግንባር የሚታሰር ባትሪ ይጨምሩለት፤ ለደልዳላ መንገድ 200 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይበቃል።

የረጅም ርቀት ሯጭን ልብ የሚነካ፣ ዋጋውም ከሁሉም የሚያንስ ስጦታ ልንገርዎ፦ ቫዝሊን። ጭን ከጭን፣ ብብት ከልብስ እየተፋተገ ቆዳው ይላጣል፤ ገላ ሲታጠቡ የሚያቃጥለው ያ ነው። ትንሽ ቫዝሊን፣ ጥቂት የቁስል ፕላስተርና አንድ ጥንድ ካልሲ በትንሽ ከረጢት አድርገው ቢሰጡት፣ ሰጪው ሩጫን የሚያውቅ ሰው ነው ያሰኛል። ስልኩንና የቤት ቁልፉን በእጁ ይዞ የሚሮጥ ከሆነ ደግሞ ወገብ ላይ ተጣብቆ የሚቀመጥ ባለ ኪስ የላስቲክ ቀበቶ ይፈልጉለት። ክንድ ላይ የሚታሰረው አይነት እኔ በበኩሌ አልመክረውም፤ ይንሸራተታል፣ ክንድንም ያልባል።

ጂም ለሚሄድስ?

የልብስ ሣጥን መቆለፊያ ትንሽ ጓጉንቸር፣ ቢቻል በቁጥር የሚከፈት፤ ቁልፍ ይዞ መዞር ያስቀራል። ላብ የነካውን ልብስ ከንጹሑ የሚለይ ውሃ የማያሳልፍ ከረጢት። ከባድ ብረት ለሚያነሳ ደግሞ በተለምዶ ቾክ የሚባለው ነጭ ዱቄት፤ ማግኒዥየም ካርቦኔት ነው፣ የመዳፍን ላብ አድርቆ ብረቱ እንዳያመልጥ ያደርጋል። ዱቄቱን የሚከለክሉ ጂሞች ብዙ ስለሆኑ ፈሳሹን መግዛት ይሻላል፤ እጅ ላይ ተቀብቶ ሲደርቅ ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ወለሉንም አያቆሽሽም።

ቤቱ ውስጥ ብቻ ስፖርት ለሚሠራ ሰው የትኛው ዕቃ ነው ገንዘቡን የሚያወጣው?

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የመዝለያ ገመድ እላለሁ። ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አሥር ደቂቃ የዘለለም ትንፋሹ ይቆራረጣል። ርዝመቱ ግን ልክ ካልሆነ ዋጋ የለውም። መለኪያው ይህ ነው፦ ገመዱን በመሃሉ በአንድ እግር ረግጦ ሁለቱን እጀታዎች ወደ ላይ ሲስቡት ብብት አካባቢ መድረስ አለባቸው። በቁጥር ለማስላት በሰውየው ቁመት ላይ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩ፤ 170 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው ወደ 260 ይመጣል። የሚያጥርና የሚረዝም ከሆነ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ይገላግልዎታል። ለጀማሪ ትንሽ ክብደት ያለው የፕላስቲክ ገመድ ይሻላል፤ ሲዞር የት እንደደረሰ በእጅ ይታወቃል። ቀጭኑ የሽቦ ገመድ ለለመደ ሰው ነው፤ ጀማሪን እግሩን ሲመታው ያሳምማል። ከፎቅ ቤት የሚኖር ከሆነ ግን ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ያስቡና ወደሚቀጥለው ይለፉ።

የሚቀጥለው የመለጠጫ ላስቲክ ነው። ብረት ሳይገዙ ለክንድ፣ ለጀርባና ለዳሌ ሥራ የሚሰጥ፣ ለመንገደኛም የሚመች ነገር ነው። ቀለሙ ጥንካሬውን ያሳያል፤ ሆኖም አንዱ አምራች ቀዩን ቀላል ሲያደርገው ሌላው ከባድ ያደርገዋል፤ በቀለም ሳይሆን ላዩ ላይ በተጻፈው ይመሩ። ከሁለት ወይም ከሦስት ጥንካሬዎች የተውጣጣ ስብስብ ከአንድ ጠንካራ ላስቲክ ይበልጣል። ብዙዎቹ የሚሠሩት ላቴክስ ከሚባለው የጎማ ዓይነት ነውና ቆዳው ለላቴክስ የሚቆጣ ሰው እንዳይሆን ቀድመው ይጠይቁ። ስጦታውን ሲሰጡም ይህን አብረው ይንገሩት፦ ፀሐይ ላይ እንዳይተወው፣ ከመሳቡም በፊት ስንጥቅ እንዳለው ይመልከት። ተለጥጦ የተበጠሰ ላስቲክ ፊት ላይ ይመጣል።

ምንጣፍ ሦስተኛ ላይ ይመጣል። አብዛኛው ወደ 61 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 173 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው፤ ረጅም ለሆነ ሰው 183 የሚደርሰውን ይፈልጉ። ውፍረት ላይ ሰው ይሳሳታል፤ የወፈረው ሁሉ የተሻለ ይመስለዋል። ቆሞ ሚዛን ለሚጠብቅ፣ ዮጋ ለሚሠራ ሰው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ሲወፍር እግር እንደ ፍራሽ ላይ ይዋልላል። ተኝቶና ተንበርክኮ ለሚሠራ ግን ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነው ለጉልበትና ለጀርባ አጥንት ምቾት ይሰጣል።

ለዋናተኛና ለብስክሌተኛስ?

ለዋናተኛ የሲሊኮን ኮፍያ ይስጡ፤ ከላቴክሱ ይልቅ ፀጉር አይነቅልም፣ ዕድሜውም ይረዝማል። የዋና መነጽር የፊት ቅርጽ ስለሚፈልግ በግምት አይገዛም። ለብስክሌተኛ የጎማ መለጠፊያና ጎማ ማውለቂያ የያዘ ትንሽ ሣጥን ሁልጊዜ ያስፈልጋል። የውስጥ ጎማ ለመግዛት ካሰቡ ግን ብስክሌቱ ጎማ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይገልብጡ፣ አየር የሚሞላበትን አፍም ፎቶ ያንሱ፤ ቀጭኑና ወፍራሙ አፍ አይተካኩም።

ምንም ገንዘብ ከሌለኝ በእጄ ሠርቼ ምን ልስጥ?

የልምምድ ደብተር። ተራ ደብተር ይውሰዱ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ በማስመሪያ መስመር ያስምሩ፦ ቀን፣ የተሠራው ነገር፣ ስንት ዙር፣ ስንት ድግግሞሽ፣ ክብደት ወይም ርቀት፣ ሌሊት የተኛው ሰዓት፣ ምን እንደተሰማው። እኔም እንዲህ ያለ ደብተር ከጓደኛዬ ተቀብያለሁ፤ በየአሥር ገጹ ጥግ ላይ አንዲት መስመር ጽፋልኝ ነበር። ወደሚቀጥለው መስመር ለመድረስ ብዬ ብቻ ከአልጋዬ የተነሳሁባቸው ቀናት ነበሩ። ደብተሩ ካለቀ ቆይቷል፤ አሁንም አልጣልኩትም።

ሁለት የቆዩ የቴኒስ ኳሶችን አንድ ካልሲ ውስጥ ከትተው ጫፉን ቢያስሩት ደግሞ የጀርባ ማሻያ ይሆናል፤ ግድግዳን ተደግፎ ኳሶቹን ከአከርካሪው ግራና ቀኝ በማድረግ ከፍና ዝቅ ማለት ነው። አንድ ኳስ ብቻውን ለውስጥ እግር ይሆናል። አጥንት ላይ ሳይሆን ሥጋ ላይ መሆኑን ብቻ ይንገሩት።

ልብስና ጫማ ቁጥሩን ሳላውቅ ልግዛ?

የላይ ልብስ ከሆነ ትንሽ ሰፋ ያለውን ይግዙ። ጫማ ግን አይሞክሩ። የሩጫ ጫማ ከሰውየው የዘወትር ጫማ በግማሽ ወይም በአንድ ቁጥር ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሲሮጡ እግር ያብጣል፣ ከረጅሙ ጣት ፊትም የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ መቅረት አለበት። በዚያ ላይ የተረከዙ ከፍታና የታችኛው ልስላሴ ለእያንዳንዱ እግር ይለያያል። በቅናሽ የተገዛ የማይሆን ጫማ ጉልበት ላይ ዕዳ ይሆናል።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። አሁን የሚሮጥበት ጫማ አርጅቶ ከሆነና የሚወደው ከሆነ፣ ምላሱ ውስጥ የተጻፈውን ሞዴልና ቁጥር አይተው ያንኑ ይድገሙለት። የሩጫ ጫማ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከተሮጠበት በኋላ ልስላሴው ያልቃል፤ ያለፈው ዓመት ሞዴልም አዲሱ ሲወጣ ይረክሳል። ደረሰኙን አብረው ይስጡ።

ርካሽ የእርምጃ መቁጠሪያ ይጠቅማል? 10,000 እርምጃ የግድ ነው?

ይጠቅማል፤ በተለይ በእግር መሄድ ለሚወድ፣ ስልክ ይዞ መዞርም ለሚሰለቸው ሰው። ርካሹ መቁጠሪያ በፍጹም ትክክል ባይሆንም ዛሬን ከትናንት ለማነጻጸር ይበቃል። 10,000 የሚለው ቁጥር ግን ከሐኪም ቤት የወጣ አይደለም። በ1965 በጃፓን ለገበያ ከቀረበ መቁጠሪያ የመጣ ነው፤ ስሙ ማንፖ ኬ ይባል ነበር፣ ትርጉሙም «የ10,000 እርምጃ መለኪያ» ነው። ስለዚህ ስጦታውን ሲሰጡ ቁጥሩን እንደ ግዴታ አይጫኑበት። አሁን ከሚሄደው ትንሽ ጨምሮ መሄዱ ራሱ ጥቅም አለው።

የፕሮቲን ዱቄት ወይም ኃይል ሰጪ ልግዛለት?

እሱ ራሱ የሚጠቀምበትን ትክክለኛ ዓይነት ካላወቁ አይግዙ። ብዙው የፕሮቲን ዱቄት ከወተት የሚወጣ ነው፤ ወተት የማይስማማው ሰው ይታመምበታል። የኩላሊት ሕመም ላለበት ሰው ደግሞ ሐኪም ሳይፈቅድ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ከልምምድ በፊት የሚጠጡት ኃይል ሰጪዎች በአብዛኛው ብዙ ካፌን አላቸው፤ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ችግር እንደማያመጣ ይነገራል፤ ከሚጠጣው ቡና ጋር ሲደመር ግን ከዚያ ማለፍ ቀላል ነው።

በውድድር የሚሳተፍ ስፖርተኛ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። በዓለም አቀፉ የፀረ ዶፒንግ ሕግ መሠረት ሰውነቱ ውስጥ ለተገኘው የተከለከለ ነገር ተጠያቂው ስፖርተኛው ነው፤ «በስጦታ ያገኘሁት ነው» ማለቱ ከተጠያቂነት አያድነውም። አንዳንድ ዱቄቶች ደግሞ በማሸጊያቸው ላይ ያልተጻፈ ነገር ተገኝቶባቸው ያውቃል። የመበጥበጫ ኩባያውን ይግዙለት፣ ዱቄቱን ለእሱ ይተዉለት።

ስፖርት እንዲጀምር የምመኝለት ሰው አለ፤ ስጦታ ቢያነሳሳው?

እዚህ ላይ እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሚዛን፣ የቦርጭ ማጥፊያ ቀበቶ፣ በአንድ ቁጥር ያነሰ ልብስ «ሲከሳ ይለብሰዋል» ተብሎ ሲሰጥ ያየሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው፤ የተቀባዩ ፊት ሲጠቁርም አይቻለሁ። ሰጪው በፍቅር ያደረገው ነው፤ የደረሰው መልእክት ግን «ሰውነትህን አልወደድኩትም» የሚል ነው። ወገብ ላይ ታስሮ የሚያልበው ቀበቶማ ውሃ እንጂ ስብ አያወጣም፤ ሲጠጡ ተመልሶ ይመጣል።

ከልብ የሚመኙለት ከሆነ ጊዜዎን ይስጡት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ምክር አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ቢያደርግ ይላል፤ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ይህን ይሞላል። በአንድ ካርድ ላይ «ለስምንት ሳምንት፣ ሳምንት በሳምንት፣ አንድ ሰዓት አብረን እንሄዳለን» ብለው ይጻፉና ቃልዎን ይጠብቁ። እርስዎ ከቀሩ ስጦታው ፈረሰ ማለት ነው፤ ስለዚህ የማይችሉትን አይጻፉ።

ተጎድቶ ስፖርት ላቆመ ሰው ምን ይሰጣል?

ወለምታም ይሁን የጉልበት ሕመም፣ የተጎዳ ስፖርተኛ ከሕመሙ ይልቅ ከጓደኞቹ ተለይቶ መቅረቱ ይከብደዋል። ማሻያ፣ ላስቲክ ወይም የጉልበት ማሰሪያ በራስዎ ግምት አይግዙ፤ የሚያክመው ባለሙያ ካላዘዘ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። በቅዝቃዜ እንዲይዘው ተነግሮት ከሆነ ተደጋግሞ የሚቀዘቅዝ ጄል ከረጢት ይጠቅመዋል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብቻ ይያዛል፣ ባዶ ቆዳ ላይ አይደረግም።

ከዚያ ውጭ ስፖርተኛነቱን የሚያስታውስ ነገር ይምረጡ። የቡድኑ ጓደኞች የፈረሙበት ቲሸርት፣ አብረው የተነሷቸው ፎቶዎች ታትመው፣ ወይም ሲመለስ የሚያደርገው አዲስ ካልሲ። የመመለሻ ቀን ግን አይጻፉበት፤ ያንን የሚወስነው ሰውነቱ ነው።

ሁሉም ነገር ላለው፣ ዕቃ ለሚያማርጥ ስፖርተኛስ?

እንዲህ ያለው ሰው የዕቃውን ዓይነት ከእርስዎ በላይ ያውቃል፤ ሊያስደንቁት አይሞክሩ፣ ይጠይቁት። ጓደኞች ተሰብስባችሁ ደግሞ እያንዳንዳችሁ ትናንሽ ስጦታ ይዛችሁ ከምትመጡ አዋጥታችሁ እሱ የመረጠውን አንድ ነገር ግዙ፤ የውድድር መመዝገቢያ ክፍያም ሊሆን ይችላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። የመመዝገቢያ ክፍያ ከሆነ የውድድሩን ቀንና ርቀት እሱ ይምረጥ፤ ያልተዘጋጀበት ውድድር ስጦታ ሳይሆን ፈተና ይሆንበታል።

በግልዎ ብቻ መስጠት ከፈለጉ ደግሞ ወደ ውድድሩ ይሂዱ። ከመነሻውና ከመድረሻው ይልቅ ሰው የማይቆምበትን፣ ሯጩ የሚዝልበትን የመጨረሻውን ሩብ መንገድ ይምረጡ፤ ስሙን በትልቁ የጻፉበት ካርቶን ይያዙ። የሚያስፈልግዎት አንድ ካርቶንና አንድ ወፍራም ማርከር ነው።